ኃይሉን በዘይት ለሚያወርድ የነፋስ ተርባይን ካምቢዮ ስንት እጥፍ ይሁን?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ኢንጂነር፣ የአምስተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ለአዳማ አካባቢ ነፋስ የሚሆን፣ 30 ኪሎዋት የሚያመነጭ ተርባይን ነው። ኃይሉን ከማማው ጫፍ ወደ መሬት የማወርደው በሃይድሮሊክ ዘይት ሲሆን ጄኔሬተሩ ታች ይቀመጣል። አማካሪዬ "ዘይት ካለህ ካምቢዮ ለምን አስፈለገህ?" አሉኝ። ጓደኞቼ ደግሞ እንደ ትልልቆቹ ተርባይኖች 1 ለ 100 አድርገው ይሉኛል። የትኛው ይሻላል? የካምቢዮውን ዲዛይንስ ከምን ልጀምር? የንድፍ ሥዕሌንም ልኬልሃለሁ።»

ወንድሜ፣ አማካሪህ ግማሹን ይዘውታል። ጓደኞችህ ግን ከሌላ ማሽን ላይ የተነሣ ቁጥር ነው የሰጡህ። ካምቢዮውን ከጥርስ አትጀምር፤ ከፓምፕ ጀምር። ፓምፑ ሳይመረጥ ካምቢዮ ማስላት እግር ሳይለኩ ጫማ መስፋት ነው።

መጀመሪያ ያ 1 ለ 100 ከየት እንደመጣ እንይ። የክንፍ ጫፍ በሰከንድ ከ70 ወይም ከ80 ሜትር ብዙ እንዲያልፍ አይፈለግም፤ ጩኸቱም የክንፉ መበላትም ይብሳል። ስለዚህ ሮተሩ (ክንፎቹ የሚዞሩበት ክብ) በሰፋ ቁጥር ዙሩ ይቀንሳል። 77 ሜትር ስፋት ያለው የ1.5 ሜጋዋት ተርባይን በሙሉ ኃይሉ በደቂቃ 17 ዙር ገደማ ነው የሚዞረው፤ የተለመደው ጄኔሬተር ደግሞ 1500 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ወደ 100 እጥፍ የሚጠጋው ለዚህ ነው። አዳማ ላይ ሆነህ ሁለቱንም መንገድ በዓይንህ ማየት ትችላለህ። የአዳማ 1 ጣቢያ 34 የጎልድዊንድ ተርባይኖች ካምቢዮ የሚባል ነገር የላቸውም፤ ቀለበት የመሰለ ሰፊ ባለ ቋሚ ማግኔት ጄኔሬተር ከሮተሩ ጋር በቀጥታ ይዞራል። የአዳማ 2 ጣቢያ 102 የሳኒ ተርባይኖች ግን ባለ ካምቢዮ ናቸው። የሁለቱም አቅም በተርባይን 1.5 ሜጋዋት ነው። አንተ ሦስተኛ መንገድ ይዘሃል፤ ሮተርህም ትንሽ ስለሆነ የ17 ዙር ችግር የአንተ ችግር አይደለም።

የአንተን ቁጥር እናውጣ። በ1,800 ሜትር ከፍታ አካባቢ የአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ክብደት 1 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከመጽሐፍህ ላይ 1.225 ገልብጠህ ከሆነ አሁኑኑ አስተካክል። ሮተሩ 14 ሜትር ስፋት ይኑረው፣ ሙሉ ኃይል የሚሰጥበት ነፋስ በሰከንድ 11 ሜትር ይሁን፣ ክንፎቹም ከነፋሱ ኃይል 40 በመቶውን ይያዙ። ዘንጉ ላይ 41 ኪሎዋት ታገኛለህ። የክንፉ ጫፍ የነፋሱን ስድስት እጥፍ ቢሄድ 66 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ያ በደቂቃ 90 ዙር ይሆናል። ቶርኩ (ዘንጉን የሚያዞረው ጉልበት) 4,350 ኒውተን ሜትር። ከዚህ ተነሥተህ ካምቢዮ 97 በመቶ፣ ፓምፕ 89፣ ቧንቧ 98፣ ታች ዘይቱ የሚያዞረው ሃይድሮሊክ ሞተር 90፣ ጄኔሬተር 92 እያልክ ስታባዛ 29 ኪሎዋት ገደማ ይደርስሃል። አንድ ኪሎዋት ጎደለ ብለህ አትጣላኝ፤ ሮተሩን ትንሽ ብታሰፋው ይመለሳል።

አሁን ወደ ፓምፑ። የፓምፕ ቶርክ ማለት በአንድ ዙር የሚገፋው የዘይት መጠን በግፊቱ ተባዝቶ ለ6.28 ሲካፈል ነው። ካምቢዮ ሳይኖር 4,350 ኒውተን ሜትሩን በ250 ባር ለመሸከም፣ የውስጥ ሰበቃውን ቀንሰህ፣ በአንድ ዙር 1 ሊትር ገደማ የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልግሃል። እንዲህ ዓይነት ዕቃ አለ። በዊንችና በከባድ ተሽከርካሪ ጎማ ውስጥ የሚገባው ዝግተኛው ራዲያል ፒስተን ሞተር (ፒስተኖቹ በዘንጉ ዙሪያ እንደ ጨረር የተደረደሩበት)፣ አምራቹ ከፈቀደ፣ ዘንጉን ከውጭ ስታዞረው ፓምፕ ይሆናል። ስለዚህ አማካሪህ የተናገሩት በወረቀት ላይ ያስኬዳል። እንዲያውም ለ1.5 ሜጋዋቱ ተርባይን ብታሰላው ነገሩ የት ድረስ እንደሚሄድ ታያለህ፦ በ350 ባር እንኳ በአንድ ዙር 149 ሊትር፣ ማለትም የአንድ በርሜል ሦስት አራተኛ።

ችግሩ ዋጋውና መለዋወጫው ነው። ባለ 1 ሊትሩ ራዲያል ፒስተን ከውጭ በትእዛዝ የሚመጣ ዕቃ ነው። በአንድ ዙር 63 ሲሲ የሚገፋ አክሲያል ፒስተን ፓምፕ (ፒስተኖቹ ከዘንጉ ጋር ትይዩ የሆኑበት) ግን ከግንባታ ማሽን መለዋወጫ ነጋዴ የምታገኘው፣ ጥገናውንም የሚያውቁ ሰዎች ያሉበት ነው። እዚህ ላይ ነው ካምቢዮ የሚገባው፦ በገበያ ያለውን ትንሽ ፓምፕ ከዝግተኛው ሮተር ጋር ለማስታረቅ። ጥርሱ የማይለወጠውን እጥፍ ይሠራል፤ የሚለዋወጠውን ደግሞ ዘይቱ ይሠራል። ሁለቱን ሥራ አታምታታቸው።

አንድ የማርሽ ደረጃ ብቻ፣ 1 ለ 4 ገደማ፣ ለምን አይበቃም ትለኝ ይሆናል። ፓምፑ በሙሉ ነፋስ 350 ዙር ይዞራል፤ ነፋሱ በግማሽ ሲወርድ ሮተሩም በግማሽ ይወርዳልና 175 ይሆናል። አክሲያል ፒስተን ፓምፕ ውስጥ የፒስተኑ ጫማ ከሰሌዳው የሚለየው በስስ የዘይት ፊልም ነው። ዙሩ ሲወርድ ፊልሙ ይሳሳል፣ ብረት ብረትን ይልጋል። በዓመት ውስጥ አብዛኛው ሰዓት ነፋሱ ከሙሉው በታች መሆኑን አስብ። ሦስት ደረጃ አድርጌ 3000 ዙር ላድርሰው ካልክ ደግሞ ፓምፑ በግማሽ ያንስልሃል፤ ግን ሌላ ጥርስ፣ ሌላ ኩሽኔታ፣ ሌላ ሙቀት ጨምረሃል። ለአንተ የምመርጠው ሁለት የፕላኔታሪ ደረጃ ነው (መሃል ባለ «ፀሐይ» ማርሽ ዙሪያ «ፕላኔት» ማርሾች በውጭ «ቀለበት» ውስጥ የሚዞሩበት)፤ 1 ለ 15 አካባቢ።

ይህን ቅርጽ ለማየት መጽሐፍ አያስፈልግህም። ኤክስካቫተር የሚጠገንበት ጋራዥ ሂድና ሰንሰለቱን የሚያዞረው ፋይናል ድራይቭ ሲፈታ ቁምና እይ። ከኋላ አክሲያል ፒስተን ሞተር፣ ከፊት ሁለት ደረጃ ፕላኔታሪ፣ ሁሉም በአንድ ቤት ውስጥ። ያንተ ተርባይን ያ ዕቃ ወደ ኋላ ሲሠራ ማለት ነው። ግን አሮጌ ፋይናል ድራይቭ ገዝተህ ማማ ላይ እንዳትሰቅል። እሱ የተሠራው ለጥቂት ሺህ ሰዓት፣ ያውም ቆም እያለ ለሚሄድ ሥራ ነው። ያንተ በዓመት 6,000 ሰዓት፣ ለ20 ዓመት፣ በድምሩ 120,000 ሰዓት ይዞራል። በሁለተኛው ደረጃ የፀሐይ ማርሽ አንዱ ጥርስ በዚህ ዕድሜ ውስጥ፣ በሙሉ ዙር ሲሰላ፣ ከ20 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይነካል። ለአጭር ጊዜ ጠንካራ የሆነ ጥርስ እዚያ አይደርስም።

የጥርስ ብዛቱን እኔ ብሆን እንዲህ እይዘዋለሁ፦ ፀሐይ 23፣ ፕላኔት 22፣ ቀለበት 67፤ ሦስት ፕላኔት። 23 ላይ የ22 ሁለት እጥፍ ስትጨምር 67 ይመጣል፤ ፀሐይና ቀለበት ሲደመሩ 90 ነው፣ ለ3 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ስለዚህ ፕላኔቶቹ እኩል ተራርቀው ይገጠማሉ። 23 እና 22 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው አንድ የተጎዳ ጥርስ ያንኑ ጥርስ ደጋግሞ አይመታም። ቀለበቱ ቆሞ፣ ሮተሩ የፕላኔት ተሸካሚውን እያዞረ፣ በፀሐይ በኩል ሲወጣ እጥፉ 3.91 ነው። ሁለቱም ደረጃ አንድ ዓይነት ከሆነ 15.3 ይሆናል፤ ፓምፑ በ1,380 ዙር ገደማ ይዞራል። 63 ሲሲው ፓምፕ ያኔ 256 ባር ላይ ይሠራል፣ በደቂቃ 83 ሊትር ይገፋል።

የመጀመሪያው ደረጃ ፀሐይ 1,110 ኒውተን ሜትር ይሸከማል። የማርሽ ጥንካሬ በሚሰላበት በአይኤስኦ 6336 መስፈርት መንገድ፣ ለነፋሱ ውርጅብኝ የጭነት ማባዣ 1.5 ወስጄ፣ በካርቦን ለጠነከረ ብረት ፈጠን ብዬ ሞከርኩት። ሞጁል (የጥርሱ ትልቀት መለኪያ) 4 በ55 ሚሊሜትር ስፋት በጥርስ ገጽ ድካም ላይ የደህንነት ቁጥሩ 1.1 አካባቢ ቀረ። ሞጁል 5 በ60 ሚሊሜትር ግን 1.4 ሰጠኝ። የተርባይንህ ክንፎች የሚጠርጉት ስፋት 154 ካሬ ሜትር ስለሆነ አንተን የሚመለከተው የትንንሽ ተርባይኖች መስፈርት አይኢሲ 61400-2 ነው፤ እሱ እስከ 200 ካሬ ሜትር ያለውን ይይዛል። ቢሆንም የደህንነት ቁጥሩን ከትልልቆቹ ካምቢዮ መስፈርት ከአይኢሲ 61400-4 (የ2012 እትም) ብትዋስ አማካሪህ አይቃወሙህም፦ ለገጽ ድካም 1.25፣ ለሥር መታጠፍ 1.56። ተማሪ ሁሉ የሚረሳውን አንድ ነገር ልንገርህ። የፕላኔቱ ጥርስ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይመታል፤ አንዴ በፀሐይ ከዚህ፣ አንዴ በቀለበት ከዚያ። ወዲህና ወዲያ ስለሚታጠፍ የሚችለውን ጫና በ0.7 ማባዛት አለብህ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወድቀው ፀሐይ ሳይሆን ፕላኔት ሆኖ ታገኘዋለህ።

ጥርሱን ጨርሰህ ወደ ሥዕል ከመግባትህ በፊት ኩሽኔታው ላይ ቆይ። የአሜሪካው ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ከ2007 ጀምሮ የተርባይን ካምቢዮ ለምን ከዕድሜው በፊት እንደሚሞት ሲያጠና ቆይቷል፤ ከተበላሹት አብዛኛው የተጀመረው ከጥርስ ሳይሆን ከኩሽኔታ ነው። አንዱ ምክንያት የሮተሩ ክብደትና የነፋሱ ግፊያ ካምቢዮው ውስጥ መግባቱ ነው። ዋናውን ዘንግ በራሱ ሁለት ኩሽኔታ ላይ አስቀምጠው፤ ካምቢዮው በጎማ በተያዘ ክንድ ቶርክ ብቻ ይቀበል። ፓምፑ የሮተሩን ግፊያ አንድ ኒውተን እንኳ እንዲያይ አትፍቀድለት።

አሁን ስለ ዘይቱ ራሱ እውነቱን ልንገርህ፤ ጥናትህ መግቢያው ላይ ይህን ካልጻፈ ፈታኝህ ይጠይቅሃል። ጥሩ ካምቢዮ 97 በመቶውን ያሳልፋል። ፓምፕ፣ ቧንቧና ሞተር አንድ ላይ 79 በመቶ ገደማ። ያንተ 41 ኪሎዋት ውስጥ 8.5 ኪሎዋት ዘይት ማሞቂያ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለት የእንጀራ ምጣድ ቀኑን ሙሉ ተሰክተው ማለት ነው። ያ ደግሞ በሙሉ ነፋስ ነው። ነፋሱ በግማሽ ሲወርድ ዙሩ በግማሽ፣ ቶርኩ በሩብ ይወርዳል፤ ግፊቱ 64 ባር ይሆናል፣ የዘንጉ ኃይል 5 ኪሎዋት። ጄኔሬተሩ 1500 ዙር እንዲጠብቅ ሞተሩ መጠኑን ከ54 ሲሲ ወደ 27 ሲሲ ያወርዳል። መጠኑን የቀነሰ ሞተር ደግሞ ሰበቃው አብሮት አይቀንስም። የሃይድሮሊክ ተርባይን ደካማ ጎን ይኸው ነው፤ ከፍ ባለ ነፋስ ሳይሆን በዝቅተኛው ነው የሚሸነፈው።

የቀደሙትም ሲሞክሩት ደክመዋል። በ1980 በካሊፎርኒያ ሳን ጎርጎኒዮ መተላለፊያ ላይ የቆመው ሻክል-ቤንዲክስ የተባለው ባለ 3 ሜጋዋት ተርባይን ማማው ጫፍ 14 ፓምፕ፣ ታች 18 ሞተር ነበረው፤ 3 ሜጋዋቱን ሳያይ ፈረሰ። ከብዙ ዓመት በኋላ የኤድንብራው ድርጅት አርቴሚስ የሞተሩን መጠን በሰሌዳ ከማዘንበል ይልቅ እያንዳንዱን ሲሊንደር በኮምፒውተር በሚታዘዝ ቫልቭ ማጥፋትና ማብራትን አዳበረ። የማይሠራው ሲሊንደር ግፊት ስለማይሸከም ብክነቱ ይቀንሳል። የምሕንድስናውን ውበት እኔ እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ። ሚትሱቢሺ ድርጅቱን በ2010 ገዝቶ ባለ 7 ሜጋዋት፣ 167 ሜትር ሮተር ያለው ሲኤንጀልን ሠራ፤ አንዱ ስኮትላንድ ሀንተርስተን ቆመ፣ ሌላው ፉኩሺማ ባሕር ላይ ተንሳፈፈ። የፉኩሺማው ግን ቆሞ የሚውል ሆነ፤ በአንድ ዓመት የሰጠው ከአቅሙ 4 በመቶ እንኳ ስላልሞላ በ2018 እንዲነሣ ተወሰነ።

የተሳካላቸው ዘይቱን ዋና መንገድ ሳይሆን አጋዥ ያደረጉት ናቸው። የኒው ዚላንዱ ኩባንያ ዊንድፍሎው የሠራው ባለ 500 ኪሎዋት ተርባይን ሙሉ ካምቢዮ አለው፤ ነገር ግን አንዱ ደረጃ ዲፈረንሻል ነው፣ ያንን የሚይዘው የሃይድሮሊክ ፓምፕ ነው። ነፋስ ሲመታ ፓምፑ ትንሽ ይሸሻል፣ ቶርኩ ከወሰኑ አያልፍም፤ ሲንክሮነስ ጄኔሬተሩም (ዙሩ ከመስመሩ ጋር የተቆለፈው) ያለ ኤሌክትሮኒክ መቀየሪያ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ይገናኛል። በዘይቱ በኩል የሚያልፈው ከጠቅላላው ኃይል ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የዘይቱ ብክነት ለጠቅላላው አይታወቅም። የጀርመኑ ፎይትም ዊንድራይቭ ብሎ ተመሳሳይ ሐሳብ በቶርክ ኮንቨርተር (ቶርክን በሚሽከረከር ዘይት በሚያስተላልፍ ዕቃ) ሠርቶ በዲዊንድ ዲ8.2 ተርባይን ላይ ገብቷል። ርዕስህ ገና ያልጸደቀ ቢሆን ወደዚህ ነበር የምገፋህ። ከጸደቀ ግን በያዝከው ቀጥል፤ ብክነቱን አትደብቅ ብቻ።

ከፍታው ከአየሩ ክብደት ሌላ አንድ ወጥመድ አለው። ከዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን አካባቢ አንድ የመንገድ ሥራ ላይ አዲስ የገባ የሃይድሮሊክ ማሽን ነበረን። ፓምፑ በሁለተኛው ሳምንት ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚናጥ መጮህ ጀመረ። ዘይት ቀየርን፣ ማጣሪያ ቀየርን፤ ሲፈታ የነሐሱ ሰሌዳ በምስጥ የተበላ እንጨት መስሏል። ፓምፑ በሚስብበት አፍ ቢያንስ 0.8 ባር ፍጹም ግፊት እንደሚፈልግ ሰነዱ ላይ ተጽፎ ነበር። በ2,800 ሜትር ግን አየሩ ራሱ ያለው 0.72 ነው። ማንም አላሰላውም፤ እኔንም ጨምሮ። አንተ ፓምፕህን ከታንከር በራሱ የሚስብ ክፍት ዑደት ላይ አታድርግ፤ ታንከሩ ታች ፓምፑ ማማ ጫፍ ከሆነማ ጭራሽ አይነሣም። ዝግ ዑደት (ዘይቱ ከሞተሩ በቀጥታ ወደ ፓምፑ የሚመለስበት) አድርገው፣ በመሙያ ፓምፕ ዝቅተኛውን መስመር ሁልጊዜ 20 ባር አካባቢ ያዘው። አየሩ ስስ ስለሆነ የዘይት ማቀዝቀዣውንም ከካታሎጉ ከፍ አድርገህ ምረጥ።

ማማው ጫፍ ያለው ቤት ነፋሱን ተከትሎ ሲዞር ቱቦዎቹ እንዳይጠማዘዙ የምታደርገውም ከኤክስካቫተር የሚወሰድ ነው፤ ሴንተር ጆይንት፣ ማለትም እየዞረ ዘይት የሚያሳልፍ መጋጠሚያ። ሙሉ ግፊቱን፣ መመለሻውንና የፓምፑን ቤት የሚያፈስሰውን መስመር፣ ሦስቱንም እንዲያሳልፍ ምረጠው። የማፍሰሻውን መስመር ረስቶ የፓምፑን የዘይት መከላከያ ጎማ ያፈነዳ ሥዕል ደጋግሜ አይቻለሁ።

የላክኸው ሥዕል ላይ ፍሬኑ ታች ጄኔሬተሩ ዘንግ ላይ ነው። ዛሬውኑ አንሣው። ቱቦ ቢፈነዳ ዘይቱ ይፈሳል፣ ፓምፑ ጭነት ያጣል፣ ሮተሩ ከ90 ዙር ተነሥቶ ማንም የማይይዘው ይሆናል፤ ታች ያለው ፍሬን የያዘው የቆመ ጄኔሬተር ብቻ ነው። የዲስክ ፍሬኑን ካምቢዮውና ፓምፑ መካከል አድርገው፤ እዚያ ቶርኩ 275 ኒውተን ሜትር ስለሆነ ለ600 የሚሆን ፍሬን ይበቃዋል። በስፕሪንግ የሚጨብጥ፣ በዘይት ግፊት የሚለቅ ይሁን፤ ግፊት ሲጠፋ ራሱ ይይዛል። ካምቢዮው ራሱ ቢሰበር ግን ያም አያድንህምና ክንፎቹን ከነፋሱ የሚያዞር ከሱ ጋር ያልተያያዘ ሁለተኛ ማቆሚያ ጨምር። ሁለቱን ካስገባህ በኋላ ሥዕሉን መልሰህ ላክልኝ፤ የፕላኔቱን ኩሽኔታ አብረን እናሰላዋለን።